ጋሽ ብሩሽ ቀለም የተከለከለበት ጊዜ

በሰፈሩ በር ላይ የተጻፈ ነገር ካለ የጻፈው ጋሽ ብሩሽ ነው። ዳቦ ቤቱንም፣ ጫማ ሰፊውንም፣ ጥርስ ሐኪሙንም፣ በየአጥሩ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» የሚለውንም የጻፈው እሱ ነው። ያችን የመጨረሻዋን ትእዛዝ የሚያከብራት ባይኖርም፣ እዚያው ቆሞ ጉዳዩን እየፈጸመ የፊደሏን አጣጣል የማያደንቅ የለም ይባላል። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው።

በእሱ ሙያ መጀመሪያ የሚመጣው ሰሌዳው ነው። ባለሱቁ ገና መደርደሪያ ሳይገዛ ሰሌዳው ይሰቀላል፤ አላፊ አግዳሚው «ሱቅ ተከፈተ» ይላል። ውስጡ ባዶ ግድግዳ ቢሆን ማን ገብቶ ያያል? ጋሽ ብሩሽ እንዲህ ሲኖር ሲኖር፣ የሚታየው ነገር ካማረ ሥራው አለቀ ብሎ ከልቡ የሚያምን ሰው ሆነ።

ኋላ ባነር የሚያትሙ ማሽኖች መጡ። እሱ ቀናት የሚለፋበትን ሰሌዳ ማሽኑ ባለሱቁ ሻይ ጠጥቶ እስኪመለስ ተፍቶ ይጠብቀዋል። ሌላው ቢሆን አንገቱን ደፍቶ ዕድሉን ያማርር ነበር። ጋሽ ብሩሽ ግን የልጁን አሮጌ ላፕቶፕ ለምኖ ወሰደና፣ ከሚስቱ የሴቶች ጸጉር ቤት በስተጀርባ ባለችው የቀለም ክፍሉ፣ በቆርቆሮና በብሩሽ መሀል፣ ፕሮግራም ልማር ብሎ ተቀመጠ። ልጁ በአንድ ማሠልጠኛ ፕሮግራሚንግ የምታስተምር ስለሆነች መምህር መፈለግ አላስፈለገውም። ያስፈለገው መምህሯን መስማት ነበር፤ እሱ ደግሞ አልሆነለትም።

«አባዬ፣ መጀመሪያ መሠረቱን ያዝ» አለችው። «ክላስ ምንድነው፣ ኦብጀክት ምንድነው፣ እሱን ሳታውቅ ስክሪን መሥራት ውስጥ አትግባ።»

«የኔ ልጅ፣ ሰሌዳ ስጽፍ ከግድግዳው ወዲያ ምን እንዳለ ጠይቄ አላውቅም» አላትና ቀጥታ ወደ ስክሪኑ ገባ።

ሊሠራ ያሰበው ለሚስቱ ነው። በጸጉር ቤቷ ወረፋ የሚያዘው በጸጉር መቆንጠጫ ነበር። መቆንጠጫዎቹ ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ ቢራቢሮ ያለበት፣ አበባ ያለበት፣ ጥርሱ የረገፈ። አንዷ ደንበኛ ስትገባ አንዱን ትይዛለች፤ ጥንዱ ግድግዳ ላይ በተወጠረ ገመድ ላይ በተራው ይንጠለጠላል። በላዩ ባለቀለም ላስቲክ ይጠመጠምበታል፤ ቀዩ ለመታጠብ፣ ሰማያዊው ለመሠራት፣ ነጩ ለሙሽራ። ገመዱ ከማርጀቱ የተነሳ ቋጠሮ በቋጠሮ ሆኗል። አንዳንዴ መቆንጠጫ ይወድቅና «የኔ ነው ቀዳሚው»፣ «አይደለም» ይነሳል፤ ከዚያ ጭቅጭቅ በኋላ ሳትመለስ የቀረች ደንበኛም አለች።

እናም ጋሽ ብሩሽ ከቪዲዮ እየቀዳ፣ ያልገባውን እየዘለለ፣ ትልቅ ስክሪን ግድግዳው ላይ ሰቀለ። ምኑ ቅጡ! ጥጉ በወርቃማ ሐረግ የተከበበ፣ የሴቶቹ ስም በዳንቴል በሚመስል ሳጥን ውስጥ፣ ቁልፎቹ ሲነኩ እንደ ጽጌረዳ የሚፈኩ። ደንበኞቹ አጨበጨቡ። ሚስቱ አፏን በእጇ ይዛ ቆማ አየችው፤ ከዚያም ገመዷን ከነመቆንጠጫው አውርዳ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ጋሽ ብሩሽ በሕይወቱ እንዲያ ደስ ብሎት አያውቅም።

ከላይ ሲያዩት ያብረቀርቃል፤ ውስጡን ለቄስ።

ቅዳሜ ደረሰ፤ ጸጉር ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ጋሽ ብሩሽ በሩ አጠገብ ላፕቶፑን ይዞ እንደ አስተናጋጅ እየተሽቆጠቆጠ ይመዘግባል። ጡረታ የወጡ አንዲት መምህርት ለመታጠብ ገቡ፤ አንዲት ወጣት ነርስ ጫፍ ጫፉን ለመስተካከል ገባች፤ ሌሎችም ተከተሉ። በመጨረሻ አንዲት ዓይን አፋር ልጅ ከእናቷ ጋር መጣች። ሙሽራ ናት። ጋሽ ብሩሽ «ሙሽራ» የሚለውን ቁልፍ በኩራት ተጫነ፤ እናትየዋም ቬሏን ላምጣ ብለው ወጡ።

በዚያች ቅጽበት ስክሪኑ ላይ ያሉት ሴቶች በሙሉ ሙሽራ ሆኑ።

«አንተ ብሩሽ!» አሉ መምህርቷ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው። «ማነው ያገባኝ? ለእኔም ንገሩኝ እንጂ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሚስቱ ግን እጇ በሳሙና እንደተነከረ፣ ሳቁ የምን እንደሆነ ሳታውቅ ወደ ስክሪኑ ቀና ብላ የቀጣይዋን መስመር ብቻ አየችና «ሙሽራዋ ትምጣ!» ብላ ተጣራች። ነርሷ ስሟ አጠገብ «ሙሽራ» የሚል አይታ ነበርና፣ አዲስ የመጣ የጸጉር አሠራር መስሏት እየፈነደቀች ሄዳ ተቀመጠች። ሚስቱ ያላትን ጥበብ ሁሉ አፈሰሰችላት። ግማሽ ላይ ሲደርሱ ነው ነርሷ በመስታወቱ እያየቻት «ቆይ ግን፣ ሰርጉ የማን ነው?» ያለችው።

እውነተኛዋ ሙሽራ ጥጉ ላይ ጸጉሯ እንደራሰ፣ ሰው ላለማስቸገር ዝም ብላ ተቀምጣ ነበር። ውጭ መኪናው ጡሩምባ ሲነፋ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። የጋሽ ብሩሽ ሚስት መቆንጠጫዎቹን በአፏ ነክሳ፣ ማበጠሪያና ማድረቂያ በእጇ ይዛ ተከትላት ወጣች፤ የቀረውን በሚሄድ መኪና ውስጥ፣ የኋላ ወንበር ላይ ተንበርክካ ሠራችላት። ጸጉሩ አምሮ ወጣ። እናትየዋ ግን ሲያወርዷት በመስኮቱ «እጅሽ ይባረክ፤ ሳሎንሽን ግን ዳግመኛ አያሳየኝ» አሏት።

በእግሯ ተመለሰች። ትልቅ ፎጣ አንስታ ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች ሸፈነችው።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለችው። ከዚያም ገመዱን ከመሳቢያ አውጥታ መልሳ ወጠረችው፤ መቆንጠጫዎቹንም አንድ በአንድ ሰቀለቻቸው።

ብትጮህበት ይሻለው ነበር። ጋሽ ብሩሽ ስለ ስክሪኑ አልቆጨውም፤ ስክሪን ሌላ ይሣላል። የቆጨው ያ አፏን ይዛ ያየችበት አስተያየት ነው። ሚስቱ ዳግመኛ እንዲያ ታየው እንደሆነ እንጃ።

በማግስቱ ልጁ መጣችና ኮዱን ከላይ እስከ ታች አነበበች። ስታነብ ቅንድቧ እየወጣ እየወጣ ከጸጉሯ ሊገናኝ ትንሽ ቀረው።

«አባዬ፣ ሴቶቹ የት አሉ?»

«የት ማለት?»

«ኮዱ ውስጥ። ሳጥን አለ፣ ሐረግ አለ፣ ቁልፍ አለ። ሰው ግን የለም። ደንበኛዋ የምትፈልገው ነገር የሚቀመጥበት አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለህ፤ የመጨረሻዋ ሴት የጠየቀችው የሁሉም ይሆናል።»

«አንዱን ሳጥን አሳምሬ ሣልኩና ደጋገምኩታ!»

«አየህ? ከስክሪኑ ተነስተህ ወደ ውስጥ ገባህ። ነገሩ የሚወጣው ከውስጥ ወደ ስክሪን ነው።» ላፕቶፑን ዘጋችው። «ከዛሬ ጀምሮ ቀለም የለም። ጥቁር መስኮት፣ ነጭ ጽሑፍ፣ በቃ። ደንበኛ ምን እንደሆነች ለኮምፒውተሩ እስክታስረዳው ድረስ አንድ ቁልፍ እንዳትሥል።»

ጋሽ ብሩሽ ሥጋ የተከለከለ ድመት መሰለ። ግን ፎጣዋን አየና እሺ አለ።

ትምህርቱ በየጠዋቱ፣ ጸጉር ቤቱ ሳይከፈት ሆነ። መጽሐፉ የሚጀምረው በውሻ ነው። ውሻ ክላስ ነው፤ ስም አለው፤ ይጮሃል። ድመትም ክላስ ናት፤ እሷም የራሷን ትጮሃለች። «ዕድሜዬን ሙሉ መሰላል ላይ ሆኜ ውሻ ሲጮህብኝ ኖሬ፣ አሁን ደግሞ ቁጭ ብዬ ልፍጠረው?» ይላል ጋሽ ብሩሽ። ይጽፈዋል፤ ይሠራለታል፤ አይገባውም። ክላሱና ኦብጀክቱ አንድ ይሆኑበታል። ልጁ በመኪና አስረዳችው፣ በቤት አስረዳችው፣ በመጨረሻ እሷም ደከማትና «ይገባሃል፤ ተወው ለጊዜው» አለችው። እንዲህ ስትለው ደግሞ ይበልጥ ከፋው።

የገባው ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው፤ ግን ተማሪ ሆኖ አይደለም። አዳዲስ የእንጨት ወንበሮች መጥተው የትምህርት ቤቱን ምልክት በየጀርባቸው እንዲቀባ ተጠራ። ለዚህ ሥራ የሚይዘው ስቴንስል ነው፤ ምልክቱ ተቆርጦ የወጣለት ካርቶን ማለት ነው። ካርቶኑን ወንበሩ ላይ ለጠፍ፣ ቀለሙን ነፋ፣ ካርቶኑን አነሳ አድርጎ ወደሚቀጥለው። ግቢው በቀይ ምልክት ተሞልቶ ሳለ ዘበኛው መጣና «ይቺኛዋ እኮ የሕፃናቱ ክፍል ናት፤ አረንጓዴ ነው የሚያደርጓት» አለው። ጋሽ ብሩሽ ያቺን አንዷን ፍቆ አረንጓዴ አደረጋት።

ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመ። አረንጓዴዋን አየ፤ ቀዮቹን አየ፤ በእጁ ያለውን ካርቶን አየ።

«አንደኛዋ ስትቀየር ሌሎቹ አልተቀየሩም!» አለ።

«ለምን ይቀየራሉ?» አለ ዘበኛው ግራ ገብቶት።

«ካርቶኑ አንድ ነው። ግን ካርቶኑ ላይ ማንም አይቀመጥም! የሚቀመጡት ወንበሩ ላይ ነው! ሁሉም የየራሱ ቀለም አለው!»

ዘበኛው የቀለም ሽታ ሰው ላይ እንደሚወጣ ሰምቶ ነበርና ውሃ ሊያመጣለት ሮጠ። ጋሽ ብሩሽ በቀለም እጁ ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

«ልጄ! ክላስ ማለት ካርቶኑ ነው! ኦብጀክቶቹ ወንበሮቹ ናቸው!»

«አዎ አባዬ፣ ልክ ነህ። ተማሪዎቼ ፊት ቆሜያለሁ፤ ስልኩ ደግሞ ስፒከር ላይ ነው» አለችው። ከኋላዋ ጭብጨባ ተሰማ።

ከዚያ ወዲህ ውሻና ድመቱን ተወና ወደ ሚስቱ ገመድ ዞረ። አንድ ጠዋት ጸጉር ቤቱን ስትወለውል አጠገቧ ሄዶ ቆመ።

«ይሄ መቆንጠጫ ምን ምን ያደርጋል?»

«አንተ ሰውዬ፣ ደህና አድረሃል?»

«የምሬን ነው።»

መወልወያዋን አስደግፋ አየችው። ቀልድ አለመሆኑን ስታይ «ይንጠለጠላል» አለች። «ተራው ሲደርስ ይወርዳል። ሴትየዋ ሐሳቧን ስትቀይር ላስቲኩ ይቀየራል። የሷ ብቻ ነዋ የሚቀየረው።»

«የሷ ብቻ» አለ ጋሽ ብሩሽ። «ሙሽራስ?»

ይህን ቃል በመሀላቸው ካነሱት ቆይተዋል። ሚስቱ ወደ ፎጣዋ ዓይኗን ጣል አደረገች።

«ሙሽራም እንደ ማንኛዋም ደንበኛ ናት» አለች ቀስ ብላ። «ትታጠባለች፣ ትሠራለች፣ ሐሳቧን ትቀይራለች፤ እንዲያውም ከሁሉ የምትብሰው እሷ ናት። ልዩነቱ የምትወጣበት ሰዓት አላት። እሱን ጠይቀህ ካልያዝክላት ወረፋው ብቻውን ምን ያደርግላታል? እኔ ነጩን ላስቲክ ሳስር ሰዓቷን በልቤ እይዝ ነበር።»

ጋሽ ብሩሽ ለዚያች ዓይን አፋር ሙሽራ ሐረግ ሥሎላት እንደነበር ትዝ አለው። መቼ እንደምትሄድ ግን አልጠየቃትም ነበር። አፈረ፤ ማፈሩንም አልደበቀም። «ይቅር በይኝ» አላት። እሷም መወልወያዋን አንስታ፣ እግሩን እንዲያነሳ ምልክት ሰጠችውና ሥራዋን ቀጠለች።

የደንበኛዋን ክላስ ጻፈ። የወረፋውን ጻፈ። ከዚያ ልጁ ውርስ የሚባለውን አሳየችው፤ ሙሽራ የምትባለዋ ክላስ ደንበኛ ያላትን ሁሉ ትወርሳለች፣ በላዩ የምትወጣበትን ሰዓት ትጨምራለች። እሱማ አሮጌ ካርቶን ላይ አንድ ቀዳዳ ጨምሮ አዲስ ካርቶን ሲያወጣ የኖረ ሰው ነው፤ ሳትጨርስ ገባው። ጥቁሩ መስኮት ላይ ሴቶች ገቡ፣ ተሰለፉ፣ ሐሳባቸውን ቀየሩ፣ ወጡ። አንዷን ሙሽራ ሲያደርጋት ሌሎቹ ባሉበት ጸኑ። ልጁ ያኔ ስክሪን እንዲሠራ ፈቀደችለት፤ ያውም ግራጫ መስኮትና ግራጫ ቁልፎች ብቻ። አንድ ቀን ድንገት ስትመጣ አንዷ ቁልፍ ጥጓ ላይ ቢጫ ተቀብታ አገኘቻት።

«አባዬ!»

«ትንሽ ናት እኮ።»

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» አለችና አስጠፋችው።

ለሚስቱም ነገራት። «አሁን ይሠራል» አላት።

«ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ» ብላው ፎጣዋን ሳትነካ አለፈች። ከተረት ሁሉ ይህንን መምረጧ ወጋው፤ ቢሆንም መብቷ ነው ብሎ ዋጠው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቀለም ክፍሉን በር ገርበብ አድርጎ፣ እሷ መቆንጠጫ በሰቀለች ቁጥር እሱም ለማንም ሳይናገር ላፕቶፑ ላይ ይመዘግብ ጀመር። ሙሽራ ስትገባ የምትወጣበትን ሰዓት ራሱ ወጥቶ ይጠይቃል፤ ጠይቆ ይመለሳል።

አንድ ዝናባማ ቅዳሜ ጸጉር ቤቱ መላወሻ ጠፍቶበት ሳለ እኒያ የሙሽራዋ እናት በሩን ከፍተው ገቡ። ሁለተኛዋን ልጃቸውን ይዘዋል። «እጅሽን የመሰለ አጥቼ ነው» አሏት ሚስቱን፣ ሰላምታ ሳያስቀድሙ። ሚስቱ ነጩን ላስቲክ ሁለቴ አጥብቃ አስራ ሰቀለችው፤ ጋሽ ብሩሽም ወጥቶ የሙሽራዋን ሰዓት ጠይቆ ተመለሰ።

ጥቂት ቆይቶ፣ ተራ ይዘው ዳቦ ሊገዙ ወጥተው የነበሩት ጡረተኛዋ መምህርት የረጠበ ዣንጥላቸውን እያራገፉ ተመለሱ። የዣንጥላው ጫፍ ገመዱን ያዘ። ያ ቋጠሮ በቋጠሮ የሆነ ገመድ ጧ ብሎ ተበጠሰና መቆንጠጫው ሁሉ ከወንበር ሥር፣ ከገንዳ ሥር ተበተነ፤ ላስቲኮቹም ወለቁ።

«ቀጣይዋ እኔ ነኝ!» አለች አንዷ። «ምን ሲደረግ!» አለች ሌላዋ። የሙሽራዋ እናት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው፣ አውቄው ነበር በሚል ዓይን ያያሉ። ሚስቱ በእጇ ሳሙና፣ ወለሉን አየች፤ ሴቶቹን አየች። ከዚያ ወደ ቀለም ክፍሉ ዞረች።

«አንተ ሰውዬ» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። «ቀጣይዋ ማን ናት?»

ጋሽ ብሩሽ ላፕቶፑን ይዞ ብቅ አለ። «አበባዋ።»

«ልክ ነው» አለች ባለአበባዋ።

«ባለቢራቢሮዋስ ምን ነበር የፈለገችው?»

«ለመታጠብ ነው የገባችው። ቅድም ወደ መሠራት ቀይራለች። የሌላ ሰው ግን አልተነካም።»

«ሙሽራዋስ?» አሉ እናትየዋ፣ ሚስቱን ቀድመው።

«ከፊቷ ሰው አለ» አለ ጋሽ ብሩሽ። «ግን ልጅዎ ከቀትር በፊት መውጣት ስላለባት፣ አሁኑኑ ካልተቀመጠች አትደርስም ይላል። አበባዋ ትንሽ ብትታገሠን ሁለቱም ይደርሳሉ።»

ባለአበባዋ ወንበሩን ለሙሽራዋ ለቀቀች። ሚስቱ እጇን ጠረገች። ወደ ግድግዳው ሄደችና ፎጣውን በአንድ እጇ ስባ አወረደችው፤ አቧራው ቡን አለ። ጋሽ ብሩሽ የስክሪኑን ሽቦ ላፕቶፑ ላይ ሲሰካ ስክሪኑ በራ። ሐረግ የለ፣ ጽጌረዳ የለ፤ ዝናብ እንዳዘለ ሰማይ ግራጫ፣ በላዩ የሴቶቹ ስም በተርታ፣ ከየስማቸው ጎን የየራሳቸው ጉዳይ።

መምህርቷ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ስማቸውን ፈለጉ። «ዛሬስ ምንድነኝ?»

«ደንበኛ ነዎት፤ ለመታጠብ።»

«ወይ ጉድ፣ ፈታችሁኝ?» አሉ መምህርቷ። ቤቱ እንደገና ፈረሰ፤ በዚህኛው ሳቅ ሚስቱም አለችበት።

ሙሽራዋ ጸጉሯ ደርቆ፣ ቬሏ ተሰክቶ፣ መኪናው ጡሩምባ ሳይነፋ ወጣች። እናትየዋ በሩ ላይ ዞር ብለው ግራጫውን ስክሪን አንዴ፣ ሚስቱን አንዴ አዩና «እጅሽም ቤትሽም ይባረክ» ብለው ዣንጥላቸውን ዘረጉ።

የመጨረሻዋ ደንበኛ ስትወጣ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ጋሽ ብሩሽ ተንበርክኮ መቆንጠጫዎቹን ከየወንበሩ ሥር ለቀመና የተበጠሰውን ገመድ ጫፍ ለጫፍ ሊቋጥረው ያዘ።

«ተወው» አለች ሚስቱ።

ገመዱን ከእጁ ወስዳ ጠቅልላ ከተቆረጠው ጸጉር ጋር ጠረገችው። ከዚያ መጥረጊያዋን ተደግፋ ስክሪኑ ፊት ቆመች፤ አንገቷን ወዲህ አለች፣ ወዲያ አለች።

«እንዴት ያስጠላል በእናትህ!» አለች። ወደ እሱ ስትዞር አፏን በእጇ ይዛለች፤ ዓይኗ ግን ይስቃል። «በል፣ አሁን ቀባው።»